ባለትዳር የጦር መኮንን የሚያገኘው የቤት አበል ምንድን ነው? እንዴትስ ይተመናል?

ደሴ ውስጥ አሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግል ልጅ ወይም የወንድም ልጅ ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ግራ ይገባቸዋል። ልጁ ሲያገባ ለቤት የሚከፈለው ገንዘብ ጨመረ። መንታ ሲወለድለት ግን ሰባራ ሳንቲም አልተጨመረለትም። ለምን?

የቤት አበል የሚባለው ከደሞዝ ውጭ በየወሩ የሚከፈል፣ ግብር የማይቆረጥበት ገንዘብ ነው። አሜሪካ ውስጥ መጠኑን የሚወስኑት ማዕረግ፣ የተመደበበት ቦታና የሚያስተዳድረው ቤተሰብ መኖር አለመኖሩ ናቸው። ስንት ብር ኪራይ ትከፍላለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ከአበሉ የረከሰ ቤት ካገኘ ትርፉ የራሱ ነው። የተወደደ ከመረጠም ልዩነቱን ከኪሱ ይሞላል። መንግሥት በጦር ሰፈሩ ቤት ከሰጠው ደግሞ አበሉ ይቀራል።

ቦታ ሲባል የሥራው ቦታ ነው፣ የሚያድርበት አይደለም። አሠራሩ እኛ ዘንድ አለ እንበል። ኮምቦልቻ የተመደበ ሻምበል ቤተሰቡን ደሴ ሆጤ አስቀምጦ በየቀኑ ሐረጎን እየወረደና እየወጣ ቢሠራ፣ የሚከፈለው በኮምቦልቻ ተመን ነው። የደሴ ኪራይ ጨመረ አልጨመረ እሱን አይመለከተውም።

ተመኑ ራሱ የሚወጣው ከገበያ ነው። በየአካባቢው ሰው በትክክል የሚከራያቸው ቤቶች ዋጋ በየዓመቱ ይሰበሰባል። አማካዩ ሳይሆን መካከለኛው ይወሰዳል። ይሄ ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለምሳሌ ያህል አምስት ቤቶች በወር 6፣ 7፣ 8፣ 9 እና 30 ሺህ ብር ይከራያሉ እንበል። አማካዩ 12 ሺህ ይመጣል። በ12 ሺህ የሚከራይ ቤት ግን የለም፤ አንዱ ቪላ ነው ሁሉንም ጎትቶ የሰቀለው። በቅደም ተከተል ብትደረድሯቸው መሃል ላይ የሚቆመው 8 ሺህ ነው። እነሱ የሚይዙት ይሄንን ነው። ዕቃ ተሟልቶላቸው የሚከራዩ ቤቶች፣ በሳምንት የሚከራዩና ለዝቅተኛ ገቢ በድጎማ የተሠሩት ስሌቱ ውስጥ አይገቡም። በኪራዩ ላይ የመብራት፣ የውሃና የማሞቂያ ወጪ ይደመርበታል።

ቀጥሎ ማዕረግ ይመጣል። ለአንዳንድ ማዕረጎች የቤት ዓይነት ተቀምጧል። ባለቤተሰብ ሌተናል ኮሎኔል አራት መኝታ ክፍል ባለው፣ ለብቻው በቆመ ቤት ይሰላል። ባለቤተሰብ ሳጅን ሁለት መኝታ ባለው፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራ ቤት። ላጤ ምክትል መቶ አለቃ ደግሞ ሁለት መኝታ ባለው አፓርትመንት። በመሃል ያሉት ማዕረጎች በእነዚህ መካከል እየተመጣጠኑ ይገባሉ። ከብርጋዴር ጄኔራል ጀምሮ ወደ ላይ ያሉት ግን ሁሉም እኩል ነው የሚያገኙት።

አሁን ወደ መንታዎቹ እንምጣ። ቤተሰብ አለህ ወይስ የለህም? ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው። ሚስት ብቻ ያለችውም አምስት ልጅ ያለውም ማዕረጋቸውና ቦታቸው አንድ ከሆነ እኩል ይከፈላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ይሄ አይዋጥልኝም። አራት ልጅ ያለው መቶ አለቃ፣ ከሚስቱ ጋር ብቻ ከሚኖር ሌተናል ኮሎኔል ያነሰ ያገኛል። ክፍል የሚያስፈልገው ለማን ነው? ማዕረግ የኃላፊነት ልክ መሆኑ ይገባኛል። ልጅ የሚያድረው ግን በማዕረግ ሳይሆን በአልጋ ነው።

ሚስቱ ቪዛ እየጠበቀች ገና ደሴ ብትሆንስ? ጋብቻው በሕግ ከጸናና ሰነዱ ጦሩ ዘንድ ከተመዘገበ ባለቤተሰብ ነው። ስለዚህ የጋብቻ ማስረጃውን ቶሎ አውጥታችሁ፣ አስተርጉማችሁ ላኩለት። የሠርጉ ፎቶ አይረዳውም። እናትም ልትቆጠር ትችላለች። ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ከኑሮዋ ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሸፍነው ልጇ መሆኑን በማስረጃ ማሳየትና ማስፈቀድ ይኖርበታል። ለእናቱ በየሰው እጅ የሚልክ ልጅ ግን እዚህ ላይ ይቸገራል። በባንክ የላከ ቢያንስ ደረሰኝ አለው።

ባልና ሚስት ሁለቱም ወታደር ከሆኑና ልጅ ከሌላቸው፣ ሁለቱም በላጤ ተመን ይከፈላቸዋል። ልጅ ሲወለድ አንዳቸው ወደ ባለቤተሰቡ ተመን ያልፋሉ፤ ሁለቱም አይደሉም።

አበሉ ኪራዩን ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን ተብሎም አይሰላም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ ከአገር አቀፉ አማካይ የቤት ወጪ 5 በመቶው በወታደሩ ላይ ቀርቷል። ኪራይ ሲንር ግን ተመኑ ይከተላል፤ በ2023 በአማካይ 12.1 በመቶ ጨምሯል።

አዲሱ ተመን በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይጀምራል። በአካባቢው ኪራይ ወርዶ ተመኑ ቢቀንስ፣ ቀድሞ እዚያ የነበረው መኮንን የድሮውን ይዞ ይቀጥላል። የሚቀንስበት ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር፣ ማዕረጉ ሲወርድ ወይም ባለቤተሰብነቱ ሲቀር ነው። አዲስ ተመድቦ የሚመጣው ግን በአዲሱ ተመን ይገባል። ስለዚህ አንድ ማዕረግ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ አበል ቢነግሯችሁ አንዳቸው ዋሽተዋል ማለት አይደለም።