የመጥፋት ዕዳ ምንድን ነው?

ደቡብ ጎንደርን በሳተላይት ፎቶ ለሚያይ ሰው መሬቱ በአብዛኛው እርሻና ግጦሽ ነው። በመሀሉ ግን ክብ ክብ የሆኑ ጥቁር አረንጓዴ ቦታዎች ተበትነው ይታያሉ። የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። በዚያ አካባቢ ብቻ ከ1 ሺህ በላይ አሉ። አብዛኞቹ ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ኮሶ፤ ከዙሪያው መሬት ላይ የጠፉት አገር በቀል ዛፎች እዚያ ቆመዋል።

ታዲያ ዛፎቹ ከቆሙ ደኑ ተረፈ ማለት ነው? የግድ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ የሚያስረዳው የሥነ ምህዳር ሐሳብ የመጥፋት ዕዳ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዝርያ መኖሪያው ሲጨፈጨፍበት ወይም ሲበጣጠስበት ወዲያው አይጠፋም። ከጭፍጨፋው የተረፉት ዕድሜያቸውን ይኖራሉ። ነገር ግን የሚተካቸው ካልተወለደ ወይም ካልበቀለ፣ ዝርያው በዚያ ቦታ ያለው ዕጣ ተቆርጧል። ጉዳቱ የደረሰው ዛሬ ነው፤ መጥፋቱ የሚታየው ግን ከ50 ወይም ከ100 ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። በዚህ መሀል ገና በሕይወት ያሉ፣ ሁኔታው እንዳለ ከቀጠለ ግን መጥፋታቸው የማይቀር ዝርያዎች አሉ። ዕዳው እነሱ ናቸው።

አባባሉ የታወቀው አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ዴቪድ ቲልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ነው። ጥናቱ በሒሳብ ቀመር የተሠራ ነበር። ያሳየው ነገር ያሳስባል። ለአደጋ የሚጋለጡት ብርቅ የሆኑት ዝርያዎች ብቻ አይደሉም። ደኑን ሞልተው የሚታዩት፣ ሌላውን የሚያሸንፉት ጭምር ሊጠፉ ይችላሉ። እንዲህ ያሉ ዝርያዎች ቦታቸውን በመያዝ ብርቱ ቢሆኑም ወደ አዲስ ቦታ በመዛመት ደካማ ስለሚሆኑ፣ መሬቱ ሲቆራረጥ መሻገር ያቅታቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ማስረጃው ከሜዳ መጣ። በምዕራብ ኬንያ በካካሜጋ ደን አካባቢ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የወፎች ጥናት አለ። 1 ሺህ ሄክታር ገደማ በሆነ ቁራጭ ደን ውስጥ፣ ሊጠፉ ካሉት የወፍ ዝርያዎች ግማሹ እስኪጠፋ 50 ዓመት ያህል እንደሚወስድ ገመተ። በኢስቶኒያ ደሴቶች የሣር ሜዳዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነው። ዛሬ በሜዳዎቹ ላይ ያለው የዕፅዋት ዝርያ ብዛት ከዛሬው የሜዳ ስፋት ጋር አይሄድም። የሚሄደው ከ70 ዓመት በፊት ከነበረው ስፋት ጋር ነው። ሜዳው አብዛኛውን ስፋቱን ቢያጣም ዕፅዋቱ ገና አልሰሙም ማለት ይቻላል። ተመራማሪዎቹ ከዝርያዎቹ 40 በመቶ ገደማው በዕዳ ላይ እንዳለ አስልተዋል።

ወደ እኛ ደኖች እንመለስ፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተዋል። 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች መዝግበዋል። ትልቅ ሀብት ነው። ግን ሥራቸው የቆመውን በመቁጠር አላበቃም፤ ነገ ምን ይተካዋል ብለው መሬቱንም መረመሩ። ከተወሰኑ ደኖች አፈር ወስደው በውስጡ ያለውን ዘር ሲያዩ፣ ያገኙት በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው። የትልልቆቹ ዛፎች ዘር እጅግ ጥቂት ነው። የብዙዎቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ቀን የሚጠብቅ ዓይነት አይደለም። ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ይበሰብሳል። ስለዚህ እናት ዛፉ ከወደቀ በኋላ መሬቱ በራሱ የሚያወጣው መጠባበቂያ የለም።

ቢበቅልስ? ከብት አለ። የጥድ፣ የወይራና የጥቁር እንጨት ዘርና ችግኝ ታጥሮና ሳይታጠር ተሞክሮ፣ ከብት በሚገባበት ቦታ መብቀሉም፣ ማደጉም፣ መትረፉም በጣም እንደሚቀንስ ታይቷል። ከብቱ ይግጣል፤ ይረግጣል፤ አፈሩንም ያጠነክረዋል። እንዲህ ያለው ደን አያቶች ብቻ የቀሩበትን ቤት ይመስላል። ከውጭ ሲያዩት ሞቅ ያለ ነው፤ ልጅ ግን የለውም።

ሌላም አለ። ኮሶ ወንዴና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ነው። ዝግባም እንዲሁ፤ ጥድም በአብዛኛው። ትንሽ ደን ውስጥ ሁለት ሦስት ዝግባ ቢቀርና ሁሉም ሴቴ ቢሆኑ፣ በአቅራቢያ ወንዴ ከሌለ የሚበቅል ዘር አይኖርም። ዛፎቹ ግን ገና ብዙ ዓመት ቆመው ሊታዩ ይችላሉ። በቆጠራ ወረቀት ላይ «ዝግባ አለ» ተብሎ ይመዘገባል። ዕዳው የማይታየው እንዲህ ስለሆነ ነው።

ዙሪያውም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1938 ጣሊያኖች ከአውሮፕላን ያነሷቸውን ፎቶዎች ከቅርብ ዓመታት ምስል ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ የደኖቹ ወሰን ብዙም እንዳልተቀየረ አይተዋል። ለዚህ ካህናቱና ምእመኑ ትልቅ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሌላው ሁሉ ሲመነጠር እነሱ ጠብቀዋል። የጠፋው ደኑን የከበበው ቁጥቋጦ ነው። ዛሬ እርሻው ከደኑ ጫፍ ጋር ይጋጠማል። ነፋሱና ፀሐዩ በቀጥታ ስለሚገባ ዳር ዳሩ ይደርቃል። ትንሽ ደን ደግሞ ብዙው ነገሩ ዳር ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ተስፋ የሚሰጠኝ አንድ ነገር አለ። ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ያለው ጊዜ የእኛ ነው። ዝርያው ገና አለ። ችግሩ ከተቃለለ የተፈረደበት ሁሉ ላይጠፋ ይችላል። ዶ/ር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ከካህናት ጋር ተመካክረው የጀመሩት ሥራ በጣም ቀላል ነው፦ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካብ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል፤ ማሳው ይጸዳል፣ ደኑ ይታጠራል። ከብቱ በውጭ ይቀራል፤ ሰው በበሩ ይገባል። ካቡ ከዛሬው የዛፍ ጫፍ ትንሽ ሰፋ ብሎ ከተሠራ፣ ለአዲስ ችግኝም ቦታ ይተርፋል።

ካብ ግን ሁሉን አይፈታም። የጎደለውን ወንዴ ኮሶ አያመጣም። በግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ መትከሉንም አያስቀርም። ለዚህ ከሌላ ደብር ዘር አምጥቶ አገር በቀል ችግኝ ማፍላት፣ የጎደለውን ጾታ ለይቶ መትከል፣ ተቀራራቢ ደኖችን በወንዝ ዳርና በገደል ጥግ በዛፍ ማያያዝ ያስፈልጋል። ወፎቹ ከአንዱ ደን ወደ ሌላው ዘር የሚያደርሱት መንገድ ሲያገኙ ነው። ቆጠራውም መለወጥ አለበት። «ስንት ትልቅ ዛፍ አለ?» ከሚለው ጎን «በራሱ በቅሎ ቁመቱ ጉልበት ላይ የደረሰ ስንት ችግኝ አለ? ከየትኛው ዝርያ?» ተብሎ መመዝገብ አለበት። ይህን ለመቁጠር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የደብሩ አገልጋዮችና የሰፈሩ ተማሪዎች በገመድና በደብተር ሊሠሩት ይችላሉ።