ዶፓሚን ምንድን ነው?

ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው መልእክት የሚያደርስበት ኬሚካል ነው። በተለምዶ «የደስታ ኬሚካል» ይባላል። ስሙ ለአፍ ይጥማል እንጂ ሥራውን አይገልጸውም፤ ዶፓሚን ከመደሰት ይልቅ ለመፈለግ፣ ለመማርና ለመንቀሳቀስ ይቀርባል።

የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ዶፓሚን የሚሠሩት ግን ከግማሽ ሚሊዮን ብዙም አይርቁም፤ አብዛኞቹም በመሃል አንጎል በተጎራበቱ ሁለት ቦታዎች ይገኛሉ። አንደኛው ሰብስታንሺያ ናይግራ ነው፤ በላቲን «ጥቁር ነገር» ማለት ሲሆን፣ ሕዋሳቱ በሚያጠራቅሙት ቀለም የተነሣ ቦታው በዓይን ሳይቀር ጠቁሮ ይታያል። ከዚህ የሚነሣው መስመር እንቅስቃሴን ወደሚያስተባብሩ ክፍሎች ይሄዳል። ሁለተኛው ቬንትራል ቴግመንታል ኤሪያ የሚባለው ነው፤ መልእክቱን ፍላጎትንና ውሳኔን ወደሚመለከቱ ክፍሎች፣ እስከ ግንባር አንጎል ድረስ ይልካል። በአንጎል ሥር ካለው ሃይፖታላመስ ከሚባል ክፍል ከበታቹ ወዳለው ፒቱታሪ ዕጢ የሚወርድ አጭር መስመርም አለ፤ ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ይገታል። ኬሚካሉ በሁሉም ቦታ ያው ነው። ሥራው የሚለያየው በሚደርስበት ክፍልና እዚያ በሚያገኘው ተቀባይ፣ ማለትም በሕዋሱ ላይ ሆኖ መልእክቱን በሚቀበል ፕሮቲን ነው፤ ተቀባዮቹም ከዲ1 እስከ ዲ5 አምስት ዓይነት ናቸው።

ጥሬ ዕቃው ከፕሮቲን የሚገኘው ታይሮሲን ነው። ሕዋሱ ታይሮሲንን መጀመሪያ ወደ ኤል-ዶፓ፣ ቀጥሎ ወደ ዶፓሚን ይለውጠውና በጥቃቅን ከረጢቶች ያስቀምጠዋል። የኤሌክትሪክ ምልክት ሲደርስ ከረጢቶቹ ይከፈታሉ፣ ዶፓሚኑ በሁለቱ ሕዋሳት መካከል ባለው ክፍተት ይፈስሳል፣ ተቀባዩን ይነካል፤ ከዚያ አጓጓዥ የሆነ ፕሮቲን መልሶ ወደ ሕዋሱ ያስገባዋል። ኮኬይን የሚዘጋው ይህንን የመመለሻ በር ነው። አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ዕፅ ደግሞ በሩን ገልብጦ ዶፓሚኑ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያደርገዋል።

«የደስታ ኬሚካል» የሚለው ስም ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1954 ተመራማሪዎቹ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በካናዳው ማጊል ዩኒቨርሲቲ በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ተከሉ። አይጧ ማንሻውን ስትጫን ሽቦው ያለበት ቦታ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል። በተከታዮቹ ሙከራዎች አንዳንዶቹ በሰዓት ከ2000 ጊዜ በላይ ይጫኑ ነበር። ቦታው «የደስታ ማዕከል» ተባለ፤ ኋላ መስመሩ ከዶፓሚን ጋር መያያዙ ሲታወቅ ስሙ ወደ ኬሚካሉ ተላለፈ።

ማንሻ መጫን ግን መፈለግን ያሳያል እንጂ መደሰትን አያረጋግጥም። የአንጎል ተመራማሪዎቹ ኬንት ቤሪጅና ቴሪ ሮቢንሰን ሁለቱን ለመለየት፣ ዶፓሚናቸው ከሞላ ጎደል የጠፋባቸውን አይጦች ፈተሹ። እነዚህ አይጦች ምግብ አፍንጫቸው ሥር ቢቀመጥ እንኳ አይነኩትም፤ በቱቦ ካልተመገቡ በረሃብ ይሞታሉ። ስኳር ምላሳቸው ላይ ሲንጠባጠብላቸው ግን እንደ ጤነኞቹ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ጣዕሙ አልጠፋባቸውም፤ የጠፋባቸው ተነሥቶ የመሄዱ ጉልበት ነው።

የሌላው የአንጎል ተመራማሪ የቮልፍራም ሹልትዝ ሥራ ደግሞ ምልክቱ ራሱ ምን እንደሚናገር አሳየ። ጦጣ ሳትጠብቅ ጭማቂ ስታገኝ ዶፓሚን ሕዋሳቷ ከወትሮው አብልጠው ምልክት ያሰማሉ። ከጭማቂው በፊት ሁልጊዜ መብራት እንዲበራ ከተደረገ፣ ከልምምድ በኋላ ምላሹ ወደ መብራቱ ይዛወራል፤ ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ሕዋሳቱ እንደወትሯቸው ናቸው። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ቢቀር፣ ልክ መምጣት በነበረበት ቅጽበት ዝም ይላሉ። ስለዚህ ሕዋሳቱ የሚለኩት የተገኘው ነገር ከተጠበቀው ምን ያህል እንደበለጠ ወይም እንዳነሰ ነው። ሲበልጥ ወደዚያ ያደረሰው ድርጊት ይጠናከራል፤ ሲያንስ ይዳከማል። ስልክ ደጋግሞ የሚያስከፍተውም ይኸው ነው፤ ደስ የሚል መልእክት የሚመጣው አልፎ አልፎ፣ መቼ እንደሆነም ሳይታወቅ ስለሆነ አንጎል ግምቱን አስተካክሎ መጨረስ አይችልም።

ኬሚካሉ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በፓርኪንሰን በሽታ ይታያል። የሰብስታንሺያ ናይግራ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ መንቀጥቀጡና የሰውነት መገተሩ ጎልቶ ሲታይ ብዙዎቹ አልቀዋል። ለሕመምተኛው ዶፓሚን ራሱን መስጠት አይጠቅምም፤ ከደም ወደ አንጎል የሚያሳልፈው በር የለም። በሆስፒታል በደም ሥር ሲሰጥ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል እንጂ አንጎል አይደርስም። ኤል-ዶፓ ግን የፕሮቲን ጥሬ ዕቃ የሆኑት አሚኖ አሲዶች የሚያልፉበትን በር ተጠቅሞ ይገባል። ካርቢዶፓ የተባለ ሌላ መድኃኒት አብሮት የሚሰጠው ኤል-ዶፓው መንገድ ላይ ወደ ዶፓሚን ተለውጦ ማቅለሽለሽ እንዳያመጣ ነው። በዚያው በር የምግብ ፕሮቲንም ስለሚሻማበት፣ ሥጋ ወይም እንቁላል ከበዛበት ምግብ ጋር የተዋጠ ክኒን ደካማ ሆኖ ይገኛል፤ መድኃኒቱን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውሰድ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ተቀባዮቹን በቀጥታ የሚያነቃቁት እንደ ፕራሚፔክሶል ያሉት መድኃኒቶች ሌላ ጣጣ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ፣ ከ3000 በላይ የፓርኪንሰን ሕመምተኞችን ባካተተ ጥናት፣ እነዚህን ከሚወስዱት ከመቶ 17 ያህሉ ቁማርን፣ ግዢን፣ መብላትን ወይም ወሲብን መቆጣጠር አቅቷቸዋል። ጠባያቸው ተበላሽቶ አይደለም፤ ለእጅና እግር የተሰጠው መድኃኒት የፍላጎትን መስመርም ስለሚነካ ነው። ቤተሰብ ይህን ካየ ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑን መቀነስ ብዙ ጊዜ ይረዳል፣ በራስ ውሳኔ በድንገት ማቋረጥ ግን ይጎዳል።

ስኪዞፍሬኒያ የተባለው የአእምሮ ሕመም አብዛኞቹ መድኃኒቶች በተቃራኒው ዲ2 ተቀባይን ይዘጋሉ። ከተቀባዮቹ 65 በመቶ ገደማ ሲዘጋ ቅዠቱና ጥርጣሬው መርገብ ይጀምራል፤ ከ80 በመቶ ሲያልፍ እንደ ፓርኪንሰን ያለ መገተር ይመጣል። በፒቱታሪው በኩል ደግሞ ፕሮላክቲን ይለቀቅና የወር አበባ ሊዛባ፣ ወተት ሊፈስ ይችላል።

«የዶፓሚን ጾም» የሚባለው ነገርስ? ስልክን አንድ ቀን ማስቀመጥ ዶፓሚንን አያጠራቅምም፣ አያጸዳምም፤ ሕዋሳቱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የሚጠቅምበት መንገድ ሌላ ነው። ፍላጎትን የሚቀሰቅሰው መብራቱ እንደሆነ ከጦጣዋ አይተናል፤ ስለዚህ የስልኩን ድምፅ ማጥፋት ወይም ሌላ ክፍል ማኖር ቀስቃሹን ያርቀዋል። የተማሩት ግን አይፋቅም፤ ሱስ የተወ ሰው ከወራት በኋላ በድሮው ሰፈር ሲያልፍ ፍላጎቱ የሚቀሰቀስበት ለዚህ ነው።