ፕላስ ማይነስ ምንድን ነው? የኮከቡ ነጥብና የቡድኑ ሂሳብ

ጎንደር ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ይዞ ስለ ኤንቢኤ፣ ማለትም ስለ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የሚከራከር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታውን በቀጥታ አላየውም። አሜሪካ ማታ የሚደረገው ጨዋታ እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው የሚጀምረው። ጠዋት ስልኩን ሲከፍት የሚያገኘው ቁጥር ብቻ ነው፦ ነጥብ፣ ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ)፣ አሲስት (ለግብ የበቃ ቅብብል)። «30 ያስቆጠረን ልጅ እንዴት ደካማ ትለዋለህ?» ይላል አንዱ። «ተሸነፉ እኮ!» ይላል ሌላው። ከዚያው ሰንጠረዥ ጠርዝ ላይ ግን ሁለቱም የዘለሉት አንድ ዓምድ አለ፤ +/- ይላል።

የፋሲል ከነማ ደጋፊ ይህን ነገር በሌላ ስሙ ያውቀዋል፤ የግብ ክፍያ ነው። ያገባኸው፣ ከዚያ ላይ የገባብህ ተቀንሶ። ፕላስ ማይነስ ይህንኑ ለአንድ ተጫዋች፣ ያውም ሜዳ ላይ ለቆየባቸው ደቂቃዎች ብቻ ያሰላል። ማን አስቆጠረ፣ ማን አቀበለ ብሎ አይጠይቅም። ልጁ ሜዳ ላይ ሳለ ቡድኑ ስንት አገባ? ስንት ገባበት? ልዩነቱ በስሙ ይጻፋል። ሐሳቡ የተወሰደው ከበረዶ ሆኪ ነው።

እኔ የገባኝ እሁድ ጠዋት ሲሚንቶ ሜዳ ላይ፣ ደብተር ይዤ ነጥብ ስመዘግብ ነው። የሰፈራችን ኮከብ ኳስ ከያዘ አይለቅም። የዚያን ቀን ከቡድኑ 40 ነጥብ 22ቱን ብቻውን አስቆጠረ። ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ 20 ለ18 እየተመሩ ነበር፤ ማይነስ 2። እሱ ተቀምጦ ሳለ ጓደኞቹ 6 አግብተው 2 ብቻ ገባባቸውና 24 ለ22 መሩ። ተመልሶ ገባ፣ 43 ለ40 ተሸንፈው ወጡ። ሂሳቡን ስሠራው እሱ ባለበት ማይነስ 7፣ እሱ በሌለበት ፕላስ 4። ነገርኩት። «ደብተርህን ጣለው» አለኝ።

ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ነጥብ ብቻ መቁጠር የሚደብቀውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1961-62 የውድድር ዘመን ዊልት ቻምበርሌን በየጨዋታው በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልደረሰበትም። በአንድ ጨዋታ 100 ያስቆጠረውም በዚያው ዓመት ነው። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ግን በአማካይ 18.9 ያስቆጠረው የቦስተኑ ቢል ራስል ነበር። መራጮቹ ደግሞ ራሳቸው ተጫዋቾቹ ነበሩ፤ ማን እንዳስቸገራቸው ያውቃሉ። ራስል በ13 ዓመት 11 ዋንጫ ወሰደ። ይበልጥ የሚገርመው፣ የሚታወቅበት ሥራ፣ ማለትም ብሎክ (ወደ ቅርጫት የተወረወረን ኳስ አየር ላይ ማገድ)፣ በኤንቢኤ መመዝገብ የጀመረው በ1973-74 ነው፤ እሱ ጫማውን ከሰቀለ ከአራት ዓመት በኋላ። ተከላካዩን በአካሉ ዘግቶ ለጓደኛው መንገድ የሚከፍት፣ የተጋጣሚን ምርጥ አስቆጣሪ ከሚወደው ቦታ የሚገፋ ተጫዋች ዛሬም በተራው ሰንጠረዥ ላይ ብዙም አይታይም። የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ፕላስ ማይነስ የበሬውን ድካም በተዘዋዋሪም ቢሆን ይቆጥራል።

አሁን ወደ ኮከባችን ተቃውሞ። ሜዳ ላይ አምስት ሰው አለ፤ የአምስቱ ውጤት ነው በአንዱ ስም የሚጻፈው። ለዚህ ከራስል ዌስትብሩክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2016-17 በአማካይ 31.6 ነጥብ፣ 10.7 ሪባውንድ፣ 10.4 አሲስት ነበረው። የዓመቱ ምርጥ ተባለ፤ ብዙ ሰው ደግሞ «ቁጥር ለቃሚ ነው፣ ሪባውንዱን ጓደኞቹ ይተውለታል» አለው። ቡድኑ ኦክላሆማ ሲቲ በፕሌይኦፉ፣ ማለትም በዓመቱ መጨረሻ ጥሎ ማለፍ፣ የመጀመሪያ ዙር በሂዩስተን 4 ጨዋታ ለ1 ተሸኘ። ወሬው እዚህ ላይ ቢያቆም ተቺዎቹ ረቱ እንል ነበር። የአምስተኛውን ጨዋታ የመጨረሻ ዓምድ ስታይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዌስትብሩክ ከ48 ደቂቃ 42ቱን ተጫውቶ 47 ነጥብ አስቆጠረ፣ ፕላስ 12ም ነበር። ጨዋታው በሂዩስተን 105 ለ99 አሸናፊነት ነው ያለቀው። እሱ ባረፈባቸው 6 ደቂቃዎች ቡድኑ በ18 ነጥብ ተበለጠ ማለት ነው!

ታዲያ ይህ የእሱ ትልቅነት ነው ወይስ የተቀያሪዎቹ ድክመት? ፕላስ ማይነስ ብቻውን ሁለቱን አይለይም። ጎበዝ ተቀያሪ ያለው ኮከብ ሲወጣ ምንም የማይጎድል ይመስላል፤ ደካማ ተቀያሪ ያለው ደግሞ ሲወጣ ቤቱ የሚፈርስ ይመስላል። በዚያ ላይ አንድ ጨዋታ አጭር ነው፤ ሦስት ሩቅ ኳሶች በዕድል ቢገቡ ዘጠኝ ነጥብ ነው። የእኔም የእሁድ ደብተር በዚህ ሚዛን ብዙ አያወላዳም። የአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ድምር ሲሆን ግን ማዳመጥ ይገባል።

የቡድኖቹ የሂሳብ ሰዎች ያመጡት መላ የተስተካከለ ፕላስ ማይነስ ይባላል። ቅዳሜ ገበያ ሁለት ጆንያ አንድ ላይ ሚዛን ላይ ቢወጣ የእያንዳንዱን ክብደት አታውቅም። አንደኛውን ከሦስተኛ ጆንያ ጋር፣ ሁለተኛውን ከአራተኛ ጋር ደጋግመህ ብትመዝን ግን ቀስ በቀስ እያንዳንዱ ይገለጣል። ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይህን ነው፦ በሺዎች የሚቆጠሩ የተጫዋች ቅንብሮችን፣ ከማን ጋር እና በማን ላይ እንደተሰለፉ ጭምር፣ አንድ ላይ ያሰላል። ከኮከቦች ጎን በመቆም የተገኘው ፕላስ ይቀነሳል፣ ከደካሞች ጋር የተሸከመው ማይነስ ይካካሳል።

መላው የሚቸገረው ሁለት ጆንያዎች ከሚዛኑ ተለያይተው የማያውቁ ሲሆን ነው። በ2015-16 ጎልደን ስቴት 73 ጨዋታ ሲያሸንፍ ስቴፈን ከሪም ድሬሞንድ ግሪንም የዓመቱ ድምራቸው ከፕላስ 1,000 በላይ ነበር። ከሪ በአማካይ 30፣ ግሪን 14 ነጥብ ነው ያስቆጠሩት። አብዛኛውን ደቂቃ አብረው ነው የተጫወቱት። በግሌ የከሪ ድርሻ ይበልጣል እላለሁ፣ ተከላካዮች ከሩቁ እሱን ፈርተው ሜዳውን ስለሚከፍቱ፤ ፒያሳ ላይ ግን ግሪን ባይኖር ከኋላ ማን ይዘጋላቸው ነበር የሚለኝ አይጠፋም፣ ቁጥሩን አሳይቼም አፉን ልዘጋው አልችልም። ለዚህ ያለው መንገድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ ኳሱን ሳይሆን ኳስ ያልያዙትን አራቱን ማየት ነው።