የስማርት ስልክ ስርዓተ ክወናዎች ፉክክር በጎንደር

ጎንደር ውስጥ «ስልክህ ምንድን ነው?» ሲባል መልሱ ሳምሰንግ፣ ቴክኖ ወይም አይፎን ነው። ስልኩን የሚያሠራውን ዋና ሶፍትዌር፣ ስርዓተ ክወና የሚባለውን ነገር የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ስልክ ጠጋኙ ነው። ዋናው ፉክክር ግን እሱ ላይ ነው፤ በጉግል አንድሮይድና በአፕል አይኦኤስ መካከል።

ከሁለቱ በፊት ዘመኑ የኖኪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን ብቅ ሲል፣ ኖኪያ የሚጠቀምበት ሲምቢያን ከዓለም የስማርት ስልክ ሽያጭ ከግማሽ በላይ ይዞ ነበር። ኤን70 እና ኤን73 የያዘ ሰው ያኔ ኪሱ ውስጥ አይከታቸውም፤ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያስቀምጣቸው። በ2008 የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ወጣ። ጉግል ስርዓቱን ለአምራቾች በነጻ ስለለቀቀ ርካሽ ስማርት ስልክ መስራት ቀለለ። ኖኪያ በ2011 ሲምቢያንን ትቶ የማይክሮሶፍትን ዊንዶውስ ፎን መረጠ። አልሆነለትም። በ2014 የስልክ ክፍሉን ማይክሮሶፍት ጠቀለለው። አፕ ሰሪ ሰው ወዳለበት ይሄዳል፣ ሰውም አፕ ወዳለበት፤ ዊንዶውስ ፎን ሁለቱንም አጣ። ብላክቤሪም ከሰመ።

አንድሮይድ እዚህ የተወደደው በዋጋው ብቻ አይደለም። ሜሞሪ ካርድ አለ። ፊልሙም መዝሙሩም ወረቡም ሱቅ ሄዶ በካርድ ይጫናል። አይፎን የካርድ ቦታ ኖሮት አያውቅም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ካርድ ያለው ሰው ቢያንስ የሚያየው አላጣም።

የድሮዎቹ አንድሮይዶች አማርኛውን ባዶ ሣጥን አድርገው ያሳዩ ነበር። አቋቋም የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ምስክሯ በአታ ባለችበት ከተማ ፊደል ያልቆጠረ ስልክ! ደግነቱ ያ አልፏል።

ጥገና ላይ የከተማችን ልጆች እጃቸው የተባረከ ነው። የተበላሸ አንድሮይድ ፍላሽ ተደርጎ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ እንደገና ተጭኖበት፣ ይነሳል። የቀድሞ ባለቤቱ አይክላውድ (ስልኩን የሚቆልፈው የአፕል አካውንት) ያልተፈታለት ያገለገለ አይፎን ግን ከመስታወትነት አያልፍም።

ማን አሸነፈ የሚለው ያከራክራል። በዓለም ላይ ከአሥር ስማርት ስልክ ሰባት ያህሉ አንድሮይድ ነው፤ ከስልክ ሽያጭ ትልቁን ትርፍ የምታፍሰው ግን አፕል ናት። አሜሪካ ውስጥ አይፎን ይበልጣል ይባላል።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ደግሞ አፕ ቢኖረውም *127# ሲደወል በባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሒሳብ የምትቀበል ነጋዴ አንድሮይድም አይፎንም አያስፈልጋት።