ሞተር ሳያጠፉ መኪና ውስጥ መተኛት ለምን ይገድላል?

የሚገድለው ከሞተሩ ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ነው። ብዙ ሰው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ያምታታዋል። ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰውነት ይጨነቃል። ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለው፣ የመታፈን ስሜትም አይሰጥ። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ነው። ንቁ ሰው ራሱን ሲያመው ወይም ሲያቅለሸልሸው ይወጣል፤ የተኛው ግን ከእንቅልፍ ወደ ራስ መሳት ያልፋል። ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው።

«መኪናው እኮ ደጅ ነው የቆመው» ማለት አያዋጣም። የጭስ ማውጫው ከተቀደደ ጋዙ በወለሉ በኩል ይገባል። እንደ አሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ባሉ በረዷማ ከተሞች ደግሞ በረዶ የጭስ ማውጫውን አፍ ከደፈነው አዲስ መኪናም አይምርም። መስኮት ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም። ጋራዥ ውስጥማ በሩ ቢከፈትም አይሞከር። ናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ያነሰ ሞኖክሳይድ ያወጣል እንጂ ነጻ አይደለም።

ከባድ መኪና ውስጥ የሚያድር ሾፌር በባትሪ የሚሠራ የጋዝ ማንቂያ ደወል ቢይዝ ይበጀዋል። ራሱን ያዞረው ሰው ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ አይታመን፤ የተመረዘውን ደም ጤነኛ አስመስሎ ያነባል።