የተመስጦ መምህርነት ሥልጠና በዮጋ ትውፊት ምንድን ነው?

ድጓ የተማረ ሰው ትምህርቱን ስለጨረሰ ብቻ መምህር አይባልም። ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ፣ የተማረውን ከሊቃውንቱ ፊት አሰምቶ፣ ታርሞና አስመስክሮ ነው ወንበር የሚዘረጋው። ምስክሩ ሰው ነው፤ ድምፁን ሲያደምጥ፣ ስሕተቱን ሲያቃና የቆየ ሰው። ዛሬ «የምስክር ወረቀት» የምንለው ስሙን ከዚሁ ቃል ወስዷል፤ ምስክርነቱ ግን ከሰው ወደ ወረቀት ተሻግሯል።

«የተመስጦ መምህርነት ሥልጠና» የሚል ማስታወቂያ አይቶ ነገሩ ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ መነሣት ይሻላል። በዮጋ ትውፊት የተመስጦ መምህር የሚባለው ሌሎች ተቀምጠው ልባቸውን እንዲሰበስቡ የሚመራ፣ መንገዱንም ከራሱ መምህር ተቀብሎ አስቀድሞ በራሱ ላይ የሠራበት ሰው ነው። ሥልጠናው እንዲህ ያለውን ሰው ለማዘጋጀት የታሰበ ነው። ነገር ግን በዚህ አንድ ስም የሚጠራው አንዱ የዓመታት፣ ሌላው የአራት ሳምንት፣ ሌላው ደግሞ የጥቂት ቅዳሜና እሑዶች ነው።

ዮጋ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ምንጣፍ ላይ መተጣጠፍ ነው። የትውፊቱ ዋና መጽሐፍ የሆነው የጥንቱ የህንድ ሊቅ የፓታንጃሊ «ዮጋ ሱትራ» ግን 195 ያህል አጫጭር አንቀጾች ሲኖሩት፣ ስለ አካል አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። እነሱም የሚሉት አቀማመጡ የጸናና የተመቸ ይሁን ነው። የቀረው አብዛኛው ስለ አእምሮ ነው፤ ገና በሁለተኛው አንቀጽ ዮጋ የአእምሮ ሞገድ ጸጥ ማለት ነው ተብሎ ተቀምጧል። መንገዱ ስምንት እርከን አለው። ሌላውን ባለመጉዳት፣ ባለመዋሸትና ባለመስረቅ ይጀምራል፤ የራስን ሥርዓት፣ አቀማመጥንና ትንፋሽን መግራትን አልፎ የስሜት ሕዋሳትን ከውጭ ወደ ውስጥ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ነው ሦስቱ የአእምሮ እርከኖች የሚመጡት፦ ዳራና፣ ድያና፣ ሳማዲ። ዳራና ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው፤ ይበተናል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይበተናል። ድያና ያው ትኩረት ሳይቆራረጥ ሲፈስ ነው፤ ሊቃውንቱ ከዕቃ ወደ ዕቃ በሚንቆረቆር ዘይት ይመስሉታል። በሥልጠናው ስም ተመስጦ የተባለው ይህ ነው፤ ሳማዲ ደግሞ ራስን ረስቶ በሚያተኩሩበት ነገር መዋጥ ነው። «ድያና» የሚለው ቃል ከቡድሃ እምነት ጋር ተጉዞ ቻይና ሲደርስ «ቻን»፣ ጃፓን ሲደርስ «ዜን» ሆኗል።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪው የሚገጥመው አንድ ነገር አለ። ተመስጦ ስንል በልባችን የሚመጣው ቅዱስ ያሬድ ነው፤ በዜማው ተመስጦ፣ የንጉሡ የገብረ መስቀል ጦር እግሩን ሲወጋው አልተሰማውም ይባላል። ይህ ከድያናም አልፎ ወደ ሳማዲ ትርጉም የሚጠጋ ነው። ስለዚህ «ተመስጦ ልማር» ብሎ የሚመጣ አማርኛ ተናጋሪ ከመጀመሪያው ቀን ራሱን የሚያስረሳ ነገር ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን የቆረጠመ ጉልበት፣ የቤት ኪራይ ሐሳብና ትናንት የተናገረው ክፉ ቃል ነው። ደህና የሠለጠነ መምህር መጀመሪያ የሚያደርገው ይህ የተበላሸ ተመስጦ ሳይሆን የሥራው መጀመሪያ መሆኑን ማስረዳት ነው። ያን በእርጋታ ለማለት ደግሞ ራሱ ብዙ ጊዜ እንዲያ ሆኖ የተቀመጠ መሆን አለበት።

በጥንቱ ልማድ ሥልጠና የሚባል ለብቻው የቆመ ነገር አልነበረም። መምህርና ደቀ መዝሙር ነበሩ። የጥንቶቹ የህንድ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚጠሩበት «ኡፓኒሻድ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ጊዜ ከመምህር አጠገብ ተጠግቶ መቀመጥ ተብሎ ይፈታል። መምህሩ ደቀ መዝሙሩን መርምሮ ማንትራ፣ ማለትም የሚደጋገም ቅዱስ ቃል፣ ይሰጠዋል፤ ተማሪው 108 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ እየቆጠረ ይደጋግመዋል። እንዲያስተምር የሚፈቅድለትም ያው መምህር ነው፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቀድሞ አይነገርም። በየኔታ እግር ሥር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ኮርስ የሚባለው የመጣው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ከሐኪምነት ወደ ምንኩስና የገቡት ስዋሚ ሲቫናንዳ በሰሜን ህንድ፣ ጋንጅስ ወንዝ ዳር ባለችው ሪሺኬሽ ማኅበራቸውን በ1936 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መሠረቱ። ደቀ መዝሙራቸው ስዋሚ ቪሽኑዴቫናንዳ በ1957 ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በ1969 የአራት ሳምንት የመምህራን ሥልጠና ጀመሩ። በዚያ ሥልጠና ጧት በ12 ሰዓት በጸጥታ ይቀመጣሉ፣ ይዘምራሉ፤ ምሽት በ2 ሰዓት ይኸው ይደገማል። በመካከሉ ሁለት የአካል ልምምድ፣ ንባብ፣ የጋራ ሥራና በቀን ሁለት ጊዜ ሥጋ የሌለበት ምግብ አለ። ሌላው የህንድ የተመስጦ መምህር ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊም በዚያችው ሪሺኬሽ ከ1961 ጀምሮ ከተለያየ አገር የመጡ መምህራንን ያሠለጥኑ ነበር። ቢትልሶች የተባሉት አራቱ እንግሊዛውያን ሙዚቀኞች በ1968 ወደዚያ የሄዱት የመምህራን ኮርስ ላይ ለመቀመጥ ነበር፤ ይህን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ከእነሱ አንዱ ሪንጎ ስታር ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ ተመለሰ፤ ከአራቱ እስከ ኮርሱ ፍጻሜ የቆየ አንድም የለም።

በ1999 አሜሪካ ውስጥ ዮጋ አላያንስ የተባለው ማኅበር ተቋቋመ፤ ዛሬ በየማስታወቂያው የሚታየውን «200 ሰዓት» የሚል የዮጋ መምህራን ሥልጠና መጠን ያስፋፋው እሱ ነው። ማኅበሩ ትምህርት ቤቶችንና ተመራቂዎችን ይመዘግባል እንጂ ማንንም ፈትኖ አያስመሰክርም። ከ200ው ሰዓት ለልምምድ የተመደበው 75 ሰዓት ነው፤ እሱንም የአካል እንቅስቃሴ፣ ትንፋሽና ተመስጦ ይካፈሉታል። ስለዚህ የ200 ሰዓት ወረቀት የያዘ ሁሉ የተመስጦ መምህር ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ ራሳቸውም እንዲህ አይሉም። በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚቀመጥ ሰው 200 ሰዓት የሚሞላው በ400 ቀን ነው። እኔ ከአራት ሳምንት ጥድፊያ ይልቅ ይህን የ400 ቀን ሰው አምናለሁ። ፓታንጃሊም ልምምድ ሥር የሚሰደው ለረጅም ጊዜ፣ ሳይቋረጥ፣ በፍቅርና በትጋት ሲያዝ ነው ይላል።

መልካም ሥልጠና ውስጥ ምን አለ? ንባብ አለ፤ «ዮጋ ሱትራ» እና የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ የሆነው «ባጋቫድ ጊታ» ዋናዎቹ ናቸው። በጊታው ስድስተኛ ምዕራፍ ጦረኛው አርጁና አእምሮን መያዝ ነፋስን እንደመያዝ ነው ብሎ ያማርራል፤ የሚያስተምረው አምላክ ክሪሽናም ከባድ መሆኑን አይክድም፣ በልምምድና በመተው ይቻላል ይለዋል። የራስ ልምምድ አለ፤ በየቀኑ፣ በተለይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ማስተማሩን መለማመድ ነው። ሠልጣኙ ባልደረቦቹን ፊቱ አስቀምጦ ዐሥር ደቂቃ ይመራል። ሁልጊዜ የሚታየው ስሕተት አንድ ነው፦ ብዙ ይናገራል። ጸጥታው ስለሚያስፈራው በቃል ይሞላዋል፤ ሰዎቹም የራሳቸውን ትንፋሽ ትተው የእሱን ድምፅ ሲከተሉ ያልቃል። አሠልጣኙ ያስቆመዋል፣ ያርመዋል፣ እንደገና ያስጀምረዋል። «አእምሮህን ባዶ አድርግ» ማለት ለማንም እንደማይጠቅም፣ «ትንፋሹ ሲገባ አፍንጫህ ጫፍ ላይ ይቀዘቅዛል፤ እዚያ ጠብቀው» ማለት ግን እንደሚያስይዝ የሚማረው እዚያ ነው። ጉልበቱ የማይታጠፍለትን ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ የሚያንቀላፋውን ዓይኑን ገልጦ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ በመካከል የሚያለቅሰውን ሳይነኩና ሳያሳፍሩ አጠገቡ መሆን፤ ይህ ሁሉ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነው።

የማለቀሱን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ተመስጦ ለሁሉም ሰው ሁልጊዜ ሰላም አያመጣም። የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት ጥናት የቡድሃ እምነት ተመስጦ የሚለማመዱ ምዕራባውያንን ጠይቀው፣ ፍርሃት፣ የእንቅልፍ መዛባትና ከራስ የመለየት ስሜት የገጠማቸው ሰዎች እንዳሉ መዝግበዋል። ጦርነትን፣ ስደትን ወይም እስርን ያሳለፈ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ምን እንደሚመጣበት ከእኛ መካከል የማያውቅ ጥቂት ነው። ሠልጣኙ መቼ «በቃ፣ ዓይንህን ግለጥ» እንደሚል፣ መቼም ወደ ሐኪም እንደሚልክ ካልተማረ ሥልጠናው ጎድሏል።

ሌላው ሥልጣን ነው። ለአንድ ሰው ልብን ከፍቶ መስጠት ለበደልም በር ይከፍታል። የአውስትራሊያ መንግሥት ያቋቋመው የሕፃናት ጥቃት መርማሪ ኮሚሽን በ2014፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ በሚገኝ አንድ የዮጋ አሽራም (መምህርና ደቀ መዛሙርት አብረው የሚኖሩበት ገዳም መሰል ቦታ) ልጆች ላይ ስለተፈጸመ በደል ምስክሮችን በአደባባይ ሰምቷል። ጉዳዩ በዚያ አሽራም ብቻ የተወሰነ አልነበረም። «ጉሩ (መምህሩ) አይጠየቅም» በሚባልበት ቤት የሚሰጥ ሥልጠና፣ ትምህርቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ መቅረብ የለበትም ባይ ነኝ።

እምነት ያለው አንባቢ ማወቅ የሚገባው ደግሞ ይህ ነው። በአሽራም የሚሰጥ ሥልጠና ከሂንዱ እምነት የተለየ አይደለም፤ በመዝሙሮቹ የአማልክት ስም ይጠራል፣ በብዙ ቦታ በምስላቸው ፊት አበባና መብራት ይቀርባል። ይህን ሁሉ ትተው ትንፋሽና ትኩረት ብቻ የሚያስተምሩ ተቋማትም አሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የትኛው እንደሆነ ከመመዝገቡ በፊት በግልጽ ጠይቆ፣ ከእምነቱ ጋር አመዛዝኖ መወሰን መብቱ ነው። የሚጠየቀው ተቋምም መሸፋፈን የለበትም።

ለመመዝገብ ለሚያስብ ሰው፣ ስለ ዋጋውና ስለ ሰዓቱ ከመጠየቅ በፊት አሠልጣኙን ሁለት ነገር ብትጠይቁ እወዳለሁ። እርስዎን ያስተማረዎት ማን ነው? ዛሬስ ሲሳሳቱ የሚያርምዎት ማን ነው? ለመጀመሪያው ሁሉም መልስ ያዘጋጃል። ሁለተኛው ሲመጣ ዝም ብለው ፊቱን እዩት።