ብሉቱዝ አጠገቡ ያለውን ስልክ እንዴት ያገኛል?

ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ብሉቱዝ ክፈቱና ፍለጋውን አስጀምሩት። ወዲያው ዝርዝር ይመጣል፦ የአንዱ ማዳመጫ፣ የሌላው ሰዓት፣ የሾፌሩ ቴፕ፣ አንዳንዴም «የማሚ ስልክ» የሚል ስም። ማንም ሳያስተዋውቃችሁ ማን አጠገባችሁ እንዳለ በከፊል አወቃችሁ ማለት ነው።

ብሉቱዝ የሚሠራው 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለ ሞገድ ነው፤ ዋይፋይም እዚያው ይጋፋዋል። ባትሪ የሚቆጥበው የብሉቱዝ ዓይነት 40 ቻናሎች ሲኖሩት በ3ቱ ላይ «እዚህ ነኝ» የሚል አጭር መልእክት ደጋግሞ ይለቃል። የሰማው ስልክ ይመዘግባል። ፔር መደረግ (ሁለቱን መሣሪያዎች ፈቅዶ ማገናኘት) እንኳ አያስፈልግም።

ሰሚው የሲግናሉን ጉልበትም ይለካል። ቁጥሩ −50 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ) ከሆነ ባለስልኩ ቅርብ ሳይሆን አይቀርም፤ −90 ከሆነ ግን ወይ ርቋል ወይ የሆነ ነገር ጋርዶታል። ጣጣው ያለው እዚህ «ወይ» ላይ ነው፣ ምክንያቱም ስልኩ የሚያየው ጉልበት እንጂ ርቀት አይደለም። የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል፣ ስለዚህ ጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ስልኩን የኋላ ኪሱ ከከተተ ሩቅ መስሎ ይታያል። ብረት ደግሞ ያንጸባርቀዋል።

ይህ ሁሉ በደንብ የተፈተነው በኮሮና ጊዜ ነው። ሲንጋፖር በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ከታማሚ ጋር ተቀራርቦ የነበረን ሰው በብሉቱዝ የሚለይ ትሬስቱጌዘር የተባለ አፕ አወጣች። በሚያዝያ አፕልና ጉግል አብረው መጡ፦ ስልኮች ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለ ጊዜ የሚቀያየር ኮድ ይለዋወጡ ነበር፣ የሰሙትን ለ14 ቀን ራሳቸው ጋ ያስቀምጡ ነበር፣ ታማሚ ሲገኝ እያንዳንዱ ስልክ በራሱ ያመሳክር ነበር። ብሪታንያ የራሷን ሞከረች። በዋይት ደሴት ሲፈተን ከአይፎኖች 4 በመቶውን ብቻ ነበር የሚያገኘው፣ አይፎን አፑን ከጀርባ ስለሚያስተኛው። ሰኔ ላይ ተዉትና ወደ እነአፕል ዞሩ።

በዚያው ዓመት የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ትራም (የከተማ ቀላል ባቡር) ውስጥ ስልኮችን አስቀምጠው ለኩ። ግማሽ ያህሉ ከ2 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሆነው ሳለ የጀርመንና የስዊዘርላንድ አፖች ቅርበትን የሚለዩበት ስሌት አንድም ማስጠንቀቂያ አላወጣም። የጣሊያኑ አፕ ስሌት ደግሞ ሲያስጠነቅቅ ከግምት ብዙም አልተሻለም። እኔን ብትጠይቁኝ ርቀትን በዲቢኤም መተመን ገና ከመነሻው ደካማ ሐሳብ ነበር።

ርቀቱን ባይመታም ማን ከማን ጋር እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ግን ይፈጠራል፤ እሱ ነው የሚያሳስበው። ሲንጋፖር መረጃው ለበሽታ ክትትል ብቻ ነው ብላ ቆይታ በጥር 2021 ፖሊስም ሊያገኘው እንደሚችል አመነች። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ከዚያ ለ7 ዓይነት ከባድ ወንጀሎች ብቻ የሚል ሕግ ወጣ። ለንደን ውስጥማ በ2013 የመንገድ ቆሻሻ መጣያዎች የአላፊ አግዳሚውን ስልክ በዋይፋይ ሲመዘግቡ ተገኝተው እንዲቆም ተደርጓል። አፕል በዓመቱ ስልኩ ዋይፋይ ሲፈልግ የውሸት የመለያ ቁጥር እንዲጠቀም ያደረገው ይህን መሰሉን ክትትል ለመከላከል ነው።

አሁን ደግሞ እንደ ኤርታግ ያሉ ትንንሽ መፈለጊያዎች አሉ። ቁልፍ ለማግኘት ግሩም ናቸው፣ ሰው ቦርሳ ውስጥ ደብቆ ለመከታተልም እንዲሁ። ለዚህ ነው ከግንቦት 2024 ጀምሮ አንድሮይድም አይፎንም የማታውቁት መፈለጊያ አብሯችሁ ሲጓዝ የሚያሳውቋችሁ። ማሳወቂያው እንዲሠራ ብሉቱዙ ክፍት መሆን አለበት። መዝጋት ከፈለጋችሁ ደግሞ በአይፎን ከአቋራጭ ሰሌዳው መንካት አይበቃም፤ ግንኙነቱን ለጊዜው ያቋርጣል እንጂ ብሉቱዙን አያጠፋውም። ሴቲንግ ገብታችሁ ነው የምታጠፉት።